ገና ያልደረሰ ጥፋት እንዴት ይሰላል?

ሥራው ለምን አስፈለገ?

የመኪና አደጋ ካሳን መገመት ለመድን ድርጅት ከባድ አይደለም፤ ግጭት በየቀኑ ስላለ መዝገቡ ሙሉ ነው። ከባድ አውሎ ነፋስ ግን አንድን ከተማ የሚመታው ከስንት አንዴ ነው። ባለፈው ጊዜ ሜዳ የነበረውም ዛሬ ሰፈር ሆኗል። ስለዚህ የድሮ ካሳ መዝገብ ብቻውን አይበቃም። ክፍተቱን የሚሞላው የአደጋ ስጋት ሞዴል ባለሙያ ነው።

ፈር ቀዳጇ

አሜሪካዊቷ ካረን ክላርክ በቦስተን በአንድ መድን ድርጅት ሲሠሩ ይህን ጥያቄ ማጥናት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 አፕላይድ ኢንሹራንስ ሪሰርችን መሠረቱ። ነሐሴ 1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡብ ፍሎሪዳን ሲመታ፣ ድርጅታቸው ካሳው ከ13 ቢሊዮን ዶላር ሊበልጥ እንደሚችል በዚያው ቀን ለደንበኞቹ በፋክስ አሳወቀ። ተጋነነ ያሉ ብዙ ነበሩ። የመጨረሻው ሒሳብ ግን 15.5 ቢሊዮን ገደማ ደረሰ፤ በርካታ መድን ሰጪዎችም ከሰሩ። ሞዴል የመድን ዘርፉ የዘወትር መሣሪያ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

የስሌቱ ሦስት ደረጃዎች

1. አደጋው፦ ነፋሱ የት፣ በምን ያህል ኃይል ሊመጣ ይችላል?
2. ጉዳቱ፦ ሕንፃው ምን ያህል ይቋቋማል? በአንድሩ ጊዜ የአንዳንድ ቤቶች ጣሪያ የተነሳው፣ ጣውላው ላይ የተመታው ማያያዣ ካፕሪያታውን ስቶ ስለነበር ነው።
3. ገንዘቡ፦ ከጉዳቱ ባለቤቱ ስንቱን ይሸፍናል? መድን ሰጪውስ? ለመድን ሰጪው ራሱ መድን የሚሰጠው የጠለፋ መድን ሰጪስ?

ኮምፒውተሩ ለምሳሌ የመጪውን ዓመት 10,000 አማራጭ መልኮች ይፈጥራል። የየዓመቱ ኪሳራ ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲደረደር፣ 100ኛው ላይ ያለው ቁጥር «የመቶ ዓመት ኪሳራ» ይባላል።

ተማሪዎች የሚሳሳቱባት ነጥብ

«የመቶ ዓመት ኪሳራ» ማለት በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ ይደርሳል ማለት አይደለም። ያን ያህል ወይም የበለጠ ኪሳራ በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። ቤት በ30 ዓመት የባንክ ብድር የገዛ ሰው፣ ዕዳውን ከፍሎ ሳይጨርስ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ አደጋ የሚገጥመው ዕድል 26 በመቶ ገደማ ነው። አስሉት፦ 0.99ን 30 ጊዜ በራሱ አባዙና ውጤቱን ከ1 ቀንሱ።

ለሙያው ምን ያስፈልጋል?

የመግቢያው በር ብዙ ነው፤ ስታቲስቲክስ፣ ሜትሮሎጂ፣ ሲቪል ምሕንድስና፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ኢኮኖሚክስ። ከትምህርቱ እኩል የሚያስፈልገው ግን የራስን ቁጥር መጠራጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ ብዙውን ከተማ ያጥለቀለቀው የጎርፍ መከላከያው መደርመስ ነበር፤ የጊዜው ሞዴሎች ደግሞ ይበልጥ ያተኮሩት ነፋሱ ላይ ነው። ክላርክም በኋላ በመሠረቱት ሌላ ድርጅት የዘርፉን ሞዴሎች ትንበያ ከደረሰው ኪሳራ ጋር እያነጻጸሩ ጉድለታቸውን በይፋ ተችተዋል። ስለዚህ ሪፖርት ስታቀርቡ ከቁጥሩ ጎን ስሌቱ ያላካተተውንም ጻፉ፤ አረቦን የሚተምነው ሰው ሁለቱንም ማየት አለበት።