ኮምፒዩተርን በስሙ ሳይሆን በሥራው ስለ መመዘን

ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ ዕቃን በሚዛን ሲገዛና ሲሸጥ ኖሯል። እህል በቁናና በኩንታል ይሰፈራል፤ ወርቅ በወቄት ይመዘናል። ቡናም ለውጭ አገር ገበያ ሲቀርብ ፍሬው በዓይን ከታየ በኋላ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶና ተፈልቶ በቀማሾች ይቀመሳል እንጂ በጆንያው ላይ በተጻፈው ስም ብቻ ደረጃ አይሰጠውም። ኮምፒዩተርና የኮምፒዩተር ክፍሎች ግን በብዙ ሱቆች ዘንድ እስከ ዛሬ በስም ይሸጣሉ። ገዥው «አይ ሰቨን ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም «አዎን» ይላል፤ ዋጋውም ይቆረጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስም ሚዛን አለመሆኑን ማስረዳት፣ ለፕሮሰሰርና ለግራፊክስ ካርድም እውነተኛው ሚዛን የቱ እንደ ሆነና ነጋዴው እንዴት ሊያነበው እንደሚገባ መግለጽ ነው። በብዙ ድካም የተገኘ የውጭ ምንዛሪ ተከፍሎበት የመጣ ዕቃ ከተባለለት በታች ሆኖ ከተገኘ፣ ኪሳራው የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የንግድ ቤቱ የታማኝነት ስምም ጭምር ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

የሁለቱ ክፍሎች ተግባር

ፕሮሰሰር የኮምፒዩተሩ ዋና አስሊ ነው። በውስጡ «ኮር» የሚባሉ ጥቂት ሠራተኞች አሉት፤ እያንዳንዱም ልዩ ልዩና አስቸጋሪ የሆነውን ሥራ በየተራው እንደሚፈጽም እንደ ሠለጠነ የሒሳብ ሹም ሊቈጠር ይችላል። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ በሺህ የሚቈጠሩ ትንንሽ አስሊዎችን የያዘ ሲሆን፣ አንድ ዓይነት ሥራን በአንድነት እንደሚያነሡ የቀን ሠራተኞች ነው። ሥዕልን በመስኮቱ ላይ ማሳየት፣ ቪዲዮ ማቀናበር፣ የሕንፃ ንድፍን በቀለምና በጥላ ማውጣት የእርሱ ድርሻ ነው። እንግዲህ ሁለቱ በአንድ ፈተና አይመዘኑም።

ስምና ቁጥር የሚያሳስቱበት ምክንያት

1ኛ፤ ብዙ ሰው የፕሮሰሰርን ፍጥነት በጊጋሄርዝ ይለካል። ይሁን እንጂ ጊጋሄርዝ ሠራተኛው በሴኮንድ ስንት ጊዜ እጁን እንደሚያነሣ ይናገራል እንጂ በአንድ ማንሣት ምን ያህል እንደሚሸከም አይናገርም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. ያወጣው ፔንቲየም 4 እስከ 3.8 ጊጋሄርዝ ደርሶ ነበር፤ በ2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ ኢ6300 ግን በ1.86 ጊጋሄርዝ እየሠራ በአብዛኛዎቹ ፈተናዎች በልጦታል።

2ኛ፤ «አይ 7» የሚለው መጠሪያ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በ2016 ለላፕቶፕ የወጣው አይ7-7500ዩ ያለው ሁለት ኮር ብቻ ነው። በ2017 ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር የወጣው አይ3-8100 ግን አራት ኮር ስላለው፣ ሁሉም ኮሮች በሚሠሩበት ሥራ ያንን «አይ 7» ይበልጠዋል። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ሙሉው ቍጥርና በመጨረሻው ያለው ፊደል ሊነበብ ይገባል። «ዩ» የሚለው ፊደል ኀይል ቆጣቢ የላፕቶፕ ፕሮሰሰርን ያመለክታል። በኢንቴል የጠረጴዛ ፕሮሰሰሮች ላይ «ኤፍ» የሚለው ፊደል ካለ ግን ፕሮሰሰሩ ሥዕል የሚያሳይ ክፍል በውስጡ የለውም፤ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልተገዛለት መስኮቱ ጨለማ ይሆናል። ይህን ያልነገረ ባለሱቅ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ተመላሽ ይሆንበታል።

3ኛ፤ በግራፊክስ ካርድ ዘንድ አንድ ስም ሁለት ዕቃ ሊሸፍን ይችላል። የኤንቪዲያ ጂቲ 1030 በ2017 ሲወጣ ጂዲዲአር5 የተባለ ማኅደረ ትውስታ ነበረው፤ በዚያውም በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ያህል ያመላልስ ነበር። በ2018 በዚያው ስም የወጣው ሌላው ዓይነት ግን በዲዲአር4 ተሠርቶ 17 ጊጋባይት ያህል ብቻ ያመላልሳል። የጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይቱ 1280 አስሊዎች ሲኖሩት፣ ባለ 3 ጊጋባይቱ 1152 ብቻ አሉት፤ ገዥው ግን ልዩነቱ የማኅደረ ትውስታው መጠን ብቻ ይመስለዋል። የጠረጴዛው አርቲኤክስ 4090 16384 አስሊዎች ሲኖሩት፣ በላፕቶፕ ውስጥ በዚሁ ቍጥር የሚጠራው 9728 አሉት።

ፈተናው ከወዴት መጣ

ስም ካሳሳተ የሚቀረው መንገድ መኪናውን አሠርቶ ማየት ነው። «ቤንችማርክ» የሚባለውም ይኸው ነው፤ ለተለያዩ ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት ሥራ ተሰጥቶ የፈጀባቸው ጊዜ ወይም በተወሰነ ጊዜ የፈጸሙት ሥራ ይመዘገባል። ቀደም ባለው ዘመን አምራቾች «የእኛ መኪና በሴኮንድ ይህን ያህል ሚሊዮን ትእዛዝ ይፈጽማል» እያሉ ይፎካከሩ ነበር፤ ነገር ግን የአንዱ ትእዛዝ ከሌላው ትእዛዝ ጋር በሥራ መጠን እኩል ስላልሆነ ማወዳደሪያው ዋጋ አልነበረውም። በ1984 ድራይስቶን የተባለ ፈተና ወጣ። በ1988 ደግሞ አምራቾች ራሳቸው ተሰብስበው ስፔክ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ይህም ማኅበር ከእውነተኛ ፕሮግራሞች የተውጣጡ ፈተናዎችን ያዘጋጃል።

በዛሬው ገበያ በብዛት ከሚጠቀሱት መካከል ሲኔቤንችና ጊክቤንች በተለይ ለፕሮሰሰር፣ ስሪ ዲ ማርክ ደግሞ ለግራፊክስ ካርድ የተለመዱ ናቸው።

ውጤትን ስለ ማንበብ

1ኛ፤ የፈተናው እትም አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በጊክቤንች 5 የ1000 ነጥብ መነሻ የሆነው ቀደም ሲል የጠቀስነው አይ3-8100 ነው፤ በጊክቤንች 6 ግን መነሻው አይ7-12700 ሲሆን የተሰጠው ነጥብ 2500 ነው። የአንዱን እትም ቍጥር ከሌላው እትም ጋር የሚያወዳድር ሰው ቁናን ከኩንታል ጋር እንዳወዳደረ ይቈጠራል።

2ኛ፤ ውጤቱ የአንድ ኮር ወይስ የሁሉም ኮሮች መሆኑን መለየት ይገባል። ደብዳቤ ለሚጽፍና የሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ መሥሪያ ቤት ይበልጥ የሚጠቅመው የአንድ ኮር ፍጥነት ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው የሁሉም ኮሮች ውጤት ይታያል። ገዥው ሥራውን ሳይናገር ብልጫ ያለውን መምረጥ አይቻልም፤ ስለዚህ የባለሱቁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ሊሠሩበት ነው?» የሚል ይሁን።

3ኛ፤ ፈተናው ምን ያህል ጊዜ እንደ ፈጀ መመልከት ያስፈልጋል። ቀጭን ላፕቶፕ ለአንድ ደቂቃ በርትቶ ሊሮጥ ይችላል፤ ሲግል ግን ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሲኔቤንች አር23 ሲዘጋጅ ለ10 ደቂቃ ያህል እንዲሠራ የተደረገው ይህ ድካም እንዲታይ ነው።

4ኛ፤ የግራፊክስ ካርድ ውጤት በሴኮንድ በሚታዩ ሥዕሎች ብዛት ሲነገር አማካዩ ብቻ አይበቃም። አማካዩ 60 ሆኖ አልፎ አልፎ ወደ 20 የሚወርድ ካርድ ከሚያደናቅፍ በቅሎ አይሻልም። ስለዚህ ዝቅተኛውም ቍጥር ይጠየቅ።

5ኛ፤ ፈታኙ ማን እንደ ሆነ ይታወቅ። በ2003 የስሪ ዲ ማርክ አዘጋጅ የሆነው ፊውቸርማርክ፣ የኤንቪዲያ ሾፌር ፕሮግራም ፈተናውን ለይቶ እያወቀ ውጤቱን ከፍ የሚያደርግ ልዩ አሠራር እንዳለው አስታወቀ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱ ኩባንያዎች በጋራ ባወጡት መግለጫ ቃሉ ለዘብ ቢልም፣ ለነጋዴ የሚቀረው ትምህርት አንድ ነው፤ ሻጩ ራሱ ያወጣውን ቍጥር ከሌሎች ሁለትና ሦስት ነፃ ፈታኞች ውጤት ጋር ማስተያየት ይገባል።

6ኛ፤ ውጤቱ በዋጋ ይካፈል። ለማስረዳት ያህል አንዱ ካርድ በ45000 ብር 90 ሥዕል፣ ሌላው በ72000 ብር 120 ሥዕል በሴኮንድ ያሳያል እንበል። ሁለተኛው በሥራ 33 በመቶ ሲበልጥ በዋጋ 60 በመቶ ይበልጣል፤ የአንዱ ሥዕል ዋጋ በመጀመሪያው 500 ብር፣ በሁለተኛው 600 ብር ነው። ይህ ሒሳብ ውዱን አትግዛ አይልም፤ የተጨመረው ገንዘብ ምን እንዳመጣ ግን ያሳያል።

ከማዘዝ በፊትና ዕቃው ሲደርስ

አስመጪ ፕሮፎርማ ሲቀበል «ላፕቶፕ፣ አይ 7» ወይም «ግራፊክስ ካርድ፣ 4 ጊጋ» በሚል ቃል ብቻ ሊስማማ አይገባውም። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቍጥር ከነፊደሉ፣ የካርዱ ሙሉ ስም፣ የማኅደረ ትውስታው መጠንና ዓይነት፣ የሚፈልገው ኀይል በዋት፣ ዕቃው አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር። ክርክር ሲነሣ የሚጠቅመው በስልክ የተባለው ሳይሆን በወረቀት የሰፈረው ነው።

ዕቃው ከደረሰ በኋላ ከየካርቶኑ ጥቂት ጥቂት ወስዶ በአንድ ዓይነት ፈተና መሞከርና ውጤቱን ከታወቀው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በገበያው ውስጥ አሮጌ ካርድ በውስጡ ያለው መለያ ተለውጦ በአዲስ ስም የሚሸጥበት ማታለል አለ። ኮምፒዩተሩ ራሱ የተቀየረውን ስም ስለሚያነብ በስም ብቻ አይታወቅም። ጂፒዩ-ዚ የተባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን የኤንቪዲያ ካርዶች እየለየ ያስጠነቅቃል። ፈተናም ያጋልጣቸዋል፤ አሮጌው ካርድ ስሙን ቢቀይር ጉልበቱን መቀየር አይችልምና።

ባለሱቁም በበኩሉ በዋጋ መለጠፊያው ላይ ከስሙ ቀጥሎ የፈተናውን ስም፣ እትሙንና በሱቁ ውስጥ የተገኘውን ውጤት ቢጽፍ መልካም ነው። ገዥው ከጎረቤት ሱቅ ጋር ሲያስተያይ ምን ከምን ጋር እንደሚያስተያይ ያውቃል፤ ሻጩም ዋጋው ለምን ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ በአንድ ቃል ማስረዳት ይችላል።