መጠጥ ሊተው የፈለገው ወንድማችን ከማን ጋር ይቀመጥ?



በመንዝና በግሼ ብርዱ ሲጠና «አረቄ ያሞቃል» ይባላል። (የሚሞቅ መሰለን እንጂ ገላችን ሙቀቱን እያጣ ነው።) የኛም ልጆች ገብተውበታል፤ አንደባብቅ።

ሐራምነቱን ያውቃል፤ ያሰረው ሐፍረት ነው። በቡኻሪ ዘገባ፣ በመጠጥ ደጋግሞ የተቀጣውን ሰው አንዱ ሲረግመው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል፤ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መስክረውለታል።

እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ፣ አክሮን ከተማ፣ ሁለት ጠጪዎች ተገናኝተው ችግራቸውን ተወያዩ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተጀመረው እንዲህ ነው። ለመግባት መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ይበቃል፤ ክፍያ የለም። በ1989 ደግሞ በባልቲሞር ሙስሊሞች በዚያው መንገድ «ሚላቲ ኢስላሚ»ን መሠረቱ።

አንድ ጥንቃቄ፦ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊጥለውም ይችላል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አለ።

ከዚያ ስብስብ ይፈልግ፤ በስልክ በኢንተርኔት የሚካሄዱም አሉ። ምስጢር የሚጠበቅበት፣ በየሳምንቱ ሊደርስበት የሚችል ይሁን። የመጀመሪያው ካልተስማማው ሌላውን ይሞክር። በመሐል ሜዳ ወይም በራቤል ካጣ፣ መጠጥ ከተወ አንድ ሰው ጋር በየሳምንቱ ከዐስር በኋላ ይቀመጥ፤ አክሮን ላይም ሁለት ነበሩ።

ብቻውን መሄድ ከፈራ በመጀመሪያው ቀን አብረኸው ሂድና ደጅ ላይ ጠብቀው።