ይሉኝታን አታሳፍር

ቆይ አቡሽ፣ ስልኩን ከመዝጋትህ በፊት ለእኔም አሳየኝ። የቦሌው የአየር ሪፖርት ደህና ነው ብለህ ነው እንዲህ የተቻኮልከው? አንተ እኮ የምትበረው በሱሉልታ አድርገህ ወደ ሰሜን ነው። እስቲ መጋረጃውን ግለጠው። የየካ ተራራ ይታይሃል? ለእኔ የሚታየኝ እስከ ባሕር ዛፉ ወገብ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ነጭ ነው። ሪፖርቱ የቦሌን ወሬ ይነግርሃል፤ የመንገድህን ወሬ የሚነግርህ ግን ይኼ ፊት ለፊትህ ያለው ተራራ ነው።

እኔ የምፈራልህ ደመናውን ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታህን ነው። ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ፤ ጠግበህም ቢሆን «በሞቴ» ካሉህ ጉርሻ የማትመልስ ልጅ ነህ። ሰው ቤት ይኼ ጨዋነት ነው። መሪ ስትይዝ ግን ይገድልሃል። ከኋላ የተቀመጠው ጓደኛህ «ፈራ እንዴ?» እንዳይልህ፣ ባሕር ዳር ዶሮ ወጥ ሠርታ የምትጠብቅህ አክስታችን እንዳትቀየምህ፣ ለነዳጁ የወጣው ብር በከንቱ እንዳይቀር እያልክ ትንሽ ልሞክር ትላለህ። ትንሽ ሞክረው ያልተመለሱ ብዙ ናቸው።

ወረቀት አምጣ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ቦሌ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። የምትሻገረው የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ከማኮብኮቢያው እስከ ተራራው በቀጥታ ቢለካ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የምታበራት ሴስና ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳባት፣ ገና ሳትነሣ ከጉልበቷ ሩብ የሚሆነውን አጥታለች። ሞልተህ ጭነሃት በደቂቃ 400 ጫማ ከወጣችልህ አመስግን። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ተራራው ጋ በ5 ደቂቃ ትደርሳለህ፤ በ5 ደቂቃ የወጣኸው 600 ሜትር ነው፤ ተራራው ከሜዳው 900 ሜትር ያህል ይበልጣል። ሰማዩ ጥርት ባለበት በጥቅምት እንኳን ዞር ዞር ብለህ ከፍታ ሳትይዝ ቀጥ ብለህ የምትሻገረው አይደለም። በሐምሌ ግን ዞር ዞር የምትልበትን ቦታ ደመናው ቀድሞ ይዞታል።

ደንቡንም ታውቀዋለህ፤ ለፈተና ሸምድደኸዋል። በዓይን ለሚበር ሰው ከ3,050 ሜትር በታች 5 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በላይ ደግሞ 8 ኪሎ ሜትር ማየት ግዴታ ነው፤ ከደመናው ወደ ላይም ወደ ታችም 300 ሜትር፣ ወደ ጎን 1,500 ሜትር መራቅ አለ። እንጦጦን ለማለፍ ከ3,050 በላይ መሆን ስላለብህ የሚመለከትህ ባለ 8ቱ ነው። ከዚህ መስኮት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይታየውን ተራራ ይዘህ ስለ 8 ኪሎ ሜትር አታውራኝ።

«ደመናው ስስ ነው፣ በመሃል ሰንጥቄ እወጣለሁ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። በ1954 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመሣሪያ መብረር ያልተማሩ 20 ሰዎችን ደመና ውስጥ የገቡ ያህል ውጭውን ጋርደው አበረሯቸው። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ በአማካይ የቆዩት 178 ሰከንድ ነበር። ሦስት ደቂቃ አልሞላም! ጥፋቱ የጆሮህ ነው። በውስጠኛው ጆሮህ ያለው ፈሳሽ መዞርህን የሚነግርህ መዞር ስትጀምር ብቻ ነው፤ ዙሩ እኩል ሆኖ ከቀጠለ ፈሳሹም አብሮ ይዞርና «ቀጥ ብለሃል» ይልሃል። አንተ አምነኸው ትቀመጣለህ፣ ክንፍህ አዘንብሎ ወደ መሬት እየተጠማዘዝክ ትወርዳለህ።

ልምድ ያድናል እንዳትለኝ ደግሞ። ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ኮቢ ብራያንትን ከልጁ ጋር የጫነው ሄሊኮፕተር በጃንዋሪ 2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮረብታ ላይ ሲከሰከስ አብራሪው ከ8 ሺህ ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነበር። ደመና ውስጥ ገባ፤ በራዲዮ «ወደ 4,000 ጫማ እየወጣሁ ነው» ሲል ሄሊኮፕተሩ እየወረደ ነበር። ዘጠኙም አለቁ። የአሜሪካ መርማሪዎች ምክንያቱን ሲጽፉ ከደመናው ጋር አብረው ያነሡት አብራሪው በራሱ ላይ የጫነውን ጫና ነው፤ ደንበኛውን ላለማሳዘን። እኛ ቤት ይሉኝታ የምንለው እሱን ነው።

የእኛም አገር አፈር ይኼን ያውቀዋል። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ የምክር ቤት አባል ሚኪ ሊላንድ ከቦሌ ተነሥቶ ጋምቤላ ወዳለው የፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ሲሄድ የተሳፈረው ሁለት ሞተር ባላት ትዊን ኦተር ነበር፤ ከአንተዋ ሴስና ብዙ እጥፍ ጉልበት አላት። በክረምቱ ደመናና ዝናብ መሃል ደምቢ ዶሎ አካባቢ ተራራ መታች። የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ሳይቀሩ ገብተው ፈልገው የተገኘችው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። አሜሪካዊና ኢትዮጵያዊ፣ 16 ሰው ነበረባት፤ የተረፈ የለም። ተራራው ከዓይን ተሰወረ እንጂ ከቦታው አልተነሣም ነበር። ለተራበ እህል ሲሟገት የኖረ ሰው በ44 ዓመቱ እንዲህ ቀረ። እኔ ሁሌ የሚከነክነኝ የሚጠብቁት ሰዎች ነገር ነው። የሚጠብቅህ ሰው ሲበዛ መመለስ ይከብዳል፤ ለተቀደሰ ሥራ ሲሆን ደግሞ ይብስ።

ስለዚህ ቃሉን እዚሁ መሬት ላይ ጨርሰው። ተሳፋሪ ስታስገባ በሩን ከመዝጋትህ በፊት «እንጦጦ ጋ ስንደርስ ማዶው ካልታየኝ እንመለሳለን» በል። አስቀድመህ ከተናገርክ መመለስህ ሽንፈት አይሆንብህም፤ ቃልህን ጠበቅህ ነው የሚሉህ። የምትመለስበትን ከፍታና የእይታ ርቀትም ጉልበትህ ላይ በምታስረው ወረቀት ጻፈው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሆነህ ከራስህ ጋር መከራከር አትችልም። ወደ ተራራው ስትቀርብ በሰያፍ ቅረብ፤ ፊት ለፊት ከሄድክ ለመመለስ ግማሽ ክብ መዞር ያስፈልግሃል፤ በሰያፍ ከሆነ የዚያ ግማሽ ይበቃሃል። ደመናው ወደ ታች እየገፋህ ባሕር ዛፉ እያደገ ከመጣ ተመለስ፤ ሰማዩ ከኋላህ ክፍት ሳለ።

ደመናው ውስጥ ገብተህ ከተገኘህስ? ጆሮህን አትስማ። ዓይንህን አድማሱን በሚያሳይህ መሣሪያ፣ በአርቲፊሻል ሆራይዘኑ ላይ ትከል፣ ክንፍህን አስተካክል፣ እጅህን አለዝብ። ከዚያ ራዲዮውን ያዝና ለታወሩ «ደመና ውስጥ ገብቻለሁ፣ እርዱኝ» በል፤ በእንግሊዝኛም ቢንተባተብብህ ግድ የለም። ቢቆጡህ ይቆጡህ፣ ወርደህ ብትጠየቅም ትጠየቃለህ። ለአክስታችን እኔ እደውልላታለሁ፤ ዶሮውን በአውቶቡስ ሄጄም ቢሆን እበላላታለሁ።