አስተርጓሚ ያጣው ላፕቶፕ፤ ሊኑክስ ስንጭን ስለሚያጋጥመን የድራይቨር ችግር



በዚህ ዓመት ለሚወጣው መጽሔታችን አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ፥ በራሴ እጅ አበላሽቼ በራሴ እጅ ያቃናሁትን ነገር ብጽፍ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ነገሩም በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓት መጫንና በዚያን ጊዜ የሚያጋጥመው የድራይቨር ችግር ነው። ይህን የምጽፈው ዐዋቂ ነኝ ለማለት ሳይሆን፥ የእኔ ስሕተት ለሌላው ትምህርት ይሆነው ዘንድ ነው።

ሊኑክስ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር ሲበራ ሥራውን ሁሉ የሚያስተባብረው ሶፍትዌር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። አብዛኞቻችን የምናውቀው ዊንዶውስን ነው። ሊኑክስም የዚሁ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወስደው፥ አሠራሩን ሊመረምረውና ሊያሻሽለው የተፈቀደ መሆኑ ነው። የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተወላጅ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራውን ለዓለም ሲያስታውቅ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ21 ዓመት ወጣት ነበር። እርሱ የጻፈው ዋናውን አስኳል ነው፤ ይህም ከርነል ይባላል። ከከርነሉ ጋር ሌሎች ፕሮግራሞችን አሰባስበው ለሕዝብ የሚያድሉ ብዙ ወገኖች አሉ። ከነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኡቡንቱ ነው፤ ስሙም ከደቡብ አፍሪቃ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን ሰብአዊነት ማለት ነው።

ዛሬ ስለዚህ ነገር ለመናገር በቂ ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አዳዲስ ፕሮሰሰርና ቲ-ፒ-ኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍል ስለሚጠይቅ፥ ገና ደኅና ሆነው ሳሉ ሊቀበሉት የማይችሉ ብዙ ላፕቶፖች አሉ። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ ከመጣል ይልቅ ሊኑክስ ጭኖ መገልገል ይቻላል። በእኛ ቤት የነበረውም፥ አጎታችን ከውጭ አገር የላከልን የታላቅ እኅቴ ላፕቶፕ፥ ከዚሁ ዓይነት ነበር።

ድራይቨር ምንድን ነው?

ሰፈራችን ከዚራ የምድር ባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ፥ ቀጥ ያሉት ጎዳናዎቿ በባቡሩ ኩባንያ ፕላን ተቀየሱ። በምድር ባቡሩ መሥሪያ ቤት የሚሠራበት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ፥ ፈረንሳይኛ የማያውቅ ሰው ጉዳይ ቢኖረው አስተርጓሚ ያስፈልገው ነበር። ሹሙም አለ፥ ባለጉዳዩም አለ፤ አስተርጓሚው ከሌለ ግን ሁለቱም ተፋጥጠው ይቀራሉ።

ድራይቨርም እንዲሁ ነው። የዋይፋዩ፥ የድምፁ፥ የስክሪኑና የካሜራው ክፍል እያንዳንዱ የየራሱ ቋንቋ አለው። ከርነሉ ትእዛዝ ሲሰጥ ድራይቨሩ ወደዚያ ቋንቋ ይመልስለታል፤ ክፍሉ ሲመልስም እንደዚሁ ለከርነሉ ያስረዳዋል። አብዛኞቹ ድራይቨሮች ከሊኑክስ ከርነል ጋር አብረው ይመጣሉ፤ እንዲያውም ከከርነሉ ጽሑፍ ከግማሽ የሚበልጠው ድራይቨር ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ግን የክፍላቸውን ቋንቋ ለሌላ ሰው አይገልጹም። በዚህ ጊዜ ድራይቨሩን ለብቻ ፈልጎ ማስገባት ግድ ይሆናል። እኔም የተያዝሁት በዚህ ነው።

ያደረግሁት ስሕተት

አንድ ዓርብ ማታ እኅቴን «እትዬ፥ ላፕቶፕሽን አድሼ ነገ እሰጥሻለሁ» አልኋት። እርስዋም የመመረቂያ ጽሑፏን ሰኞ ለአማካሪ መምህሯ ማስረከብ ስለ ነበረባት፥ «ፋይሎቼን መጀመሪያ ቅዳ» ብላ አስጠንቅቃ ፈቀደችልኝ። እኔም ዶክዩመንት የተባለውን ፎልደር ወደ ፍላሽ ቀዳሁና የቀረውን ሳላይ ዲስኩን በሙሉ ደመሰስሁት። ኡቡንቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተጭኖ አለቀ። ስክሪኑ በራ፤ ድምፁም ሠራ፤ ዋይፋይ ግን አልነበረም።

በማግሥቱ ጧት እኅቴ ፍላሹን ከፍታ ጽሑፏን ብትፈልግ አጣችው። ለካስ ትሠራበት የነበረው ፋይል ያለው በዴስክቶፑ ላይ ኖሯል! «አንተ ልጅ፥ ምን አድርገህ ነው የጨረስኸኝ?» ብላ ከመቀመጫዋ ላይ ቀረች። ከሁለት ሳምንት በፊት ለአማካሪዋ የላከችው ቅጂ በኢሜይሏ ውስጥ ይገኛል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ግን ጠፍቷል። ላፕቶፑም ኢንተርኔት ስለሌለው ያንኑ አሮጌ ቅጂ እንኳ ማምጣት አልቻለም።

እኔም ደንግጬ በስልኬ ከዚህም ከዚያም ያገኘሁትን ትእዛዝ ሁሉ ትርጉሙን ሳላውቅ መገልበጥ ጀመርሁ። አንዱ ለሌላ ክፍል፥ ሌላው ለሌላ ከርነል የተሠራ ነበር። እስከ እኩለ ቀን ስታገል ውዬ አንድም ነገር አልተገኘ።

የአዛውንቱ ሦስት ጥያቄዎች

በጎረቤታችን አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አዛውንት አሉ፤ ዕድሜያቸውን በጥገናው ወርክሾፕ ያሳለፉ ናቸው። ከበራቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሳለ ፊቴን አይተው «ምን ሆነሃል ልጄ?» አሉኝ። «አባባ፥ ድራይቨር ጠፍቶብኝ ነው» ብላቸው፥ «ሹፌር ነው የምትለኝ? ላፕቶፕ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በሹፌር የሚሄደው?» ብለው ሣቁ። ነገሩን ካስረዳኋቸው በኋላ ግን እንዲህ አሉኝ፦

«እኛ ዘንድ ባቡር አልሄድ ሲል መፍቻ ይዞ የሚሮጥ ሰው አይወደድም። መጀመሪያ ይጠየቃል። ባቡሩ አለ ወይ? ፍሬኑ ተለቋል ወይ? ነጂው ተሳፍሯል ወይ? ይህን በተራ ጠይቅና መልሱን ጻፍ። ደግሞም የድሮው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው፤ የአዲሱ ግን 1.435 ሜትር ነው። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። ለሌላ ሐዲድ የተሠራ ፉርጎ አምጥተህ እንዳይሆን እይ።»

ወደ ቤት ተመልሼ ደብተርና እርሳስ ይዤ ጥያቄዎቹን በተራ መለስሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ትእዛዞች የጻፍሁት በፊደላቸው አጠራር ነው፤ በተርሚናል ላይ ግን በትንንሾቹ የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ።

አንደኛ፤ ክፍሉ አለ ወይ? «ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ» የሚለው ትእዛዝ በላፕቶፑ ውስጥ የተገጠሙትን ክፍሎች ይዘረዝራል። በዩ-ኤስ-ቢ በኩል የተያያዙትን ደግሞ «ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ» ያሳያል። በመጀመሪያው ላይ ሰረዝና ድርብ ኤን ቢጨመርበት የእያንዳንዱን ክፍል የሠሪና የዓይነት ቁጥር ይሰጣል። ለምሳሌ የኢንቴል ኩባንያ የሠሪ ቁጥር 8086 ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው የታወቀው ፕሮሰሰር ስም ነው። ድራይቨር የሚፈለገው በላፕቶፑ ስም ሳይሆን በዚህ ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ስም የሚሸጡ ላፕቶፖች ውስጣቸው ልዩ ልዩ ሊሆን ይችላል። የእኔ ዋይፋይ በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። እንግዲህ ክፍሉ አልተሰበረም ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ ፍሬኑ ተለቋል ወይ? «አር-ኤፍ-ኪል ሊስት» የሚለው ትእዛዝ ዋይፋዩና ብሉቱዙ ተዘግተው እንደ ሆነ ይነግራል። መዘጋቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በሶፍትዌር፥ ሁለተኛው በላፕቶፑ ቁልፍ ወይም ማብሪያ የሚደረግ ነው። በሶፍትዌር የተዘጋው በዚሁ ትእዛዝ ይከፈታል፤ በቁልፍ የተዘጋው ግን ቁልፉን በጣት ካልነኩት አይከፈትም። በእኔ ዘንድ ምንም የተዘጋ አልነበረም።

ሦስተኛ፤ ነጂው ተሳፍሯል ወይ? በመጀመሪያው ትእዛዝ ላይ ሰረዝና ኬ ሲጨመር፥ ከእያንዳንዱ ክፍል በታች የሚሠራበትን ድራይቨር ስም ይጽፋል። ከድምፁና ከስክሪኑ በታች ስም ነበረ፤ ከዋይፋዩ በታች ግን ባዶ ነበር። ችግሩን ያገኘሁት በዚህ ቦታ ነው። «ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ» የተባለው ትእዛዝም ከርነሉ ሲነሣ የተናገረውን ሁሉ ያሳያል፤ ፈርምዌር የሚባል ረዳት ፋይል ጎድሎ እንደ ሆነ በዚያ ይታወቃል።

በስልክ ገመድ ስለ መሻገር

አሁን አንድ እንቅፋት ቀረ፤ ዋይፋዩን ለማዳን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፥ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ዋይፋይ ያስፈልጋል። መሻገሪያው ግን ቀላል ነው። የአንድሮይድ ስልክን በቻርጅ ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አያይዞ፥ በስልኩ ላይ ኢንተርኔትን በዩ-ኤስ-ቢ የማጋራቱን ምርጫ ማብራት ነው። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ገመድ ኔትወርክ አድርጎ ይቀበለዋል። ገመዱ ዳታ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት፤ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ገመድ አያገለግልም። በዚህ መንገድ በመጀመሪያ የእኅቴን አሮጌ ቅጂ ከኢሜይሏ አወረድንላት፤ እርስዋም ወዲያው መጻፍ ጀመረች። ማታ እርስዋ ዕረፍት ስታደርግ፥ ተጨማሪ ድራይቨሮች የሚለውን የኡቡንቱ መስኮት ከፍቼ ለክፍሉ የሚስማማውን አስጫንሁ።

አራተኛው ጥያቄ

ድራይቨሩ ሲጫን አንድ የይለፍ ቃል እንድሰጥ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ ሰማያዊ ስክሪን መጣ። እኔም ስቸኩል ሳላነበው አለፍሁት። ዋይፋዩም እንደ ገና ጠፋ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለምን?

እሑድ ጧት መልእክቱን በጥሞና ባነበው፥ ድራይቨሩ ያቀረበው ቁልፍ ተቀባይነት አላገኘም ይላል። ሴኪውር ቡት የተባለው ጥበቃ የታወቀ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር ወደ ከርነሉ አያስገባም። ያ ሰማያዊ ስክሪን የመጣው ባለቤቱ ራሱ «ይህን ፊርማ እቀበላለሁ» ብሎ እንዲመሰክር ነበር። ስለዚህ «ሞክ-ዩቲል» በተባለው ትእዛዝ ቁልፉን ለምዝገባ እንደ ገና አቀረብሁ፤ ላፕቶፑ ሲነሣም ቁልፍ መዝግብ የሚለውን መርጬ የይለፍ ቃሉን ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ በዙሪያችን ያሉት የዋይፋይ ስሞች ሁሉ ተደርድረው ታዩ። ሮጬ ለአዛውንቱ ብነግራቸው፥ «እንግዲያማ አራተኛ ጥያቄ ጨምር፤ ነጂው መንጃ ፈቃድ አለው ወይ በል» አሉኝ።

የሐዲዱ ነገርም እውነት ሆኖ አግኝቸዋለሁ። ለብቻው የሚጫን ድራይቨር ለአንድ ከርነል ልክ የተሠራ ነው። ከርነሉ ሲታደስ ድራይቨሩም እንደ ገና መሠራት አለበት፤ ይህንንም «ዲ-ኬ-ኤም-ኤስ» የተባለው ፕሮግራም በየጊዜው ያከናውነዋል። ስለዚህ ከእድሳት በኋላ ዋይፋይ ቢጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው፤ በማስነሻው ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መርጦ በመግባት ማረጋገጥ ይቻላል።

ሌሎች ክፍሎች

ድምፅ የጠፋ እንደ ሆነ ድራይቨር ከመፈለግ በፊት፥ ድምፁ ወደ ሌላ መውጫ ተመርቶ ወይም ተዘግቶ እንደ ሆነ በሴቲንግ ውስጥ ማየት ይገባል። ላፕቶፑ ሲነሣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቢቀር ደግሞ፥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው። በማስነሻው መስመር ላይ «ኖ-ሞድ-ሴት» የሚለውን ቃል ለጊዜው ጨምሮ መግባትና ትክክለኛውን ድራይቨር ማስጫን ይቻላል። ለአማርኛ መጻፊያ ግን ድራይቨር አያስፈልግም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለ ገባ፥ በኪቦርድ ምርጫ ላይ አማርኛን መጨመር ይበቃል።

ለጓደኞቼ የምሰጠው ምክር

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፥ ሊኑክስ ለመጫን የምታስቡ ሁሉ አስቀድማችሁ ይህን አድርጉ።

1ኛ/ ፋይሎችን ሁሉ ቅዱ፤ ዴስክቶፑንና ዳውንሎዱን አትርሱ። የቀዳችሁትንም በሌላ ኮምፒዩተር ከፍታችሁ አረጋግጡ።

2ኛ/ ሊኑክስን ሳትጭኑ ከፍላሹ ላይ አስነሥታችሁ ሞክሩት። ዋይፋዩን፥ ድምፁን፥ ካሜራውንና የስክሪኑን ብርሃን አንድ በአንድ ፈትሹ። እኔ ይህን አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ነገር አድርጌ ቢሆን ኖሮ፥ ዋይፋዩ እንደማይሠራ ዲስኩን ሳልደመስስ ባወቅሁ ነበር።

3ኛ/ ስልክና የዳታ ገመድ በአጠገባችሁ አኑሩ።

4ኛ/ ትርጉሙን የማታውቁትን ትእዛዝ አትገልብጡ። ያደረጋችሁትን ሁሉ በደብተር ጻፉ።

5ኛ/ የሰው ዕቃ ከሆነ፥ ባለቤቱ አስቸኳይ ሥራ ባለበት ሳምንት አትንኩት።

እኅቴ የጠፋውን የሁለት ሳምንት ሥራ በዚያ እሑድ ሌሊት እንደ ገና ጻፈችው። እኔም የእጅ ጽሑፍ ማስታወሻዋን እያነበብሁላት አብሬያት አነጋሁ። ሰኞ በጊዜው አስረከበች፤ ነገር ግን ከቀድሞው አንድ ሙሉ ክፍል እንደ ጎደለው ታውቃለች፥ እኔም ዐውቃለሁ። ላፕቶፑ ዛሬ ደኅና ይሠራል፤ ይህንንም ጽሑፍ የጻፍሁት በእርሱ ነው። ፋይሉን ግን በሁለት ቦታ ቀድቸዋለሁ።