ምን ሆኜ ነው?

እህቴ፣ ትናንት ማታ ሰው ሁሉ ሲተኛ በትከሻሽ አሻግሬ ደብተርሽን አየሁት፤ ይቅር በይኝ። የሰባቱን ቀን ስም ደርድረሽ ከላይ «በ3 ሰዓት መተኛት» ብለሻል። አምስቱ ላይ የኤክስ ምልክት አለ፤ ሐሙስና ዓርብ ባዶ ናቸው። ከሥር ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ሰነፍ» ብለሽ ጽፈሻል። በተማሪዎችሽ ደብተር ላይ ይህን ቃል ጽፈሽ አታውቂም፤ ለራስሽ ግን ጻፍሽው። ሆዴ ተላወሰ፤ ዛሬ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አባታችን በሬው ትልም መሃል ሲተኛበት ምን ያደርግ እንደነበር ታስታውሻለሽ? ጅራፉን መሬት ያስቀምጥና ቀንበሩን ያወርዳል። ጫንቃውን ይዳብሳል፤ ማነቆው የላጠው ቦታ እንዳለ ያያል። ኮቴውን አንስቶ ጠጠር ይፈልጋል። ከዚያ ቤት ገብቶ «ትናንት ማታ ድርቆሽ በልቷል?» ብሎ እናታችንን ይጠይቃል። ያንን ሁሉ ሳይመረምር በሬውን ሲመታው አላየሁም። በሬያችን ቡሬ የተኛ ጊዜ የተገኘው በኮቴው ስንጥቅ የገባ እሾህ ነበር። ቢገረፍ ኖሮ ተነስቶ ሁለት ትልም ይስብ ነበር፤ በሦስተኛው ግን እግሩ ያልቅ ነበር።

በኛ አነጋገር «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ጥያቄ አይደለም፣ ቁጣ ነው፤ መልስ የሚጠብቅበት የለም። «ምን ሆነሽ ነው?» ያለሽ ሰው ግን ፊትሽን ያያል፣ እስክትመልሺለት ይጠብቃል። አንቺ ራስሽን ሌሊት ሌሊት የምትጠይቂው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ጠይቂ እስቲ። «ምን ሆኜ ነው?» በይና መልሱን ጠብቂ።

እኔ ይህን የተማርኩት ሁለተኛውን ልጅ በወለድኩ ዓመት ነው። ቀን እየዞርኩ፣ ሌሊት ስልክ እየነካካሁ፣ ጠዋት ራሴን እየረገምኩ ነበር የምነሳው። አንድ ሳምንት ምንም ላልለውጥ፣ ዝም ብዬ ላስተውል ወሰንኩ። መጀመሪያ ያየሁት ቡናውን ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ተሰብስበን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንላለን። ቡና ደግሞ ቶሎ ከሰውነት አይወጣም፤ በብዙ ሰው ላይ ከአምስት ሰዓት በኋላ እንኳ እኩሌታው ገና ውስጥ ነው። ስለዚህ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ዓይኔ ቢፈጥ ምን ይገርማል? ስኒዬን በቀን አደረግሁት፤ ማታ ቤተሰቡ ሲጠጣ ቁርሱን ብቻ እካፈላለሁ።

ቀጥሎ ብርዱን አየሁ። አገራችን ሙጃ ደጋ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ከምድር ቤት ወለል ይወጣል። ሰውነት እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ሙቀቱን በእጅና በእግር በኩል እያስወጣ ውስጡን ያቀዘቅዛል። እግር በረዶ ከሆነ ያ መንገድ ይዘጋል። የባናው ጫፍ ታጥፎ እግሬ ላይ ሲደረብ ለውጡ ተሰማኝ።

ትልቁ መልስ ግን የመጣው በአራተኛው ሌሊት ነው። ስልኩን ይዤ «ምን ሆኜ ነው?» አልኩ። ቤቱ ጭር ብሏል። ስሜን የሚጠራ የለም። ውሃ፣ ማገዶ፣ እንጀራ የሚል የለም። ለካስ ከቀኑ ውስጥ የኔ የሆነችው ያቺ ሰዓት ብቻ ናት! እንቅልፍ ማለት እሷን አሳልፎ መስጠት ሆኖብኝ ነበር። አለቀስኩ፤ ግን ሰነፍ እንዳልሆንኩ አወቅሁ።

አንቺስ? ቀን ትምህርት ቤት ነሽ፣ ከሰዓት የቤት ሥራ ታርሚያለሽ፣ ማታ የእናታችንን ሥራ ትካፈያለሽ። በበዓል እንኳ ስናይ በሬ አይጠመድም፣ እህል አይፈጭም፣ ልብስ አይታጠብም፤ ወጡና ውሃው ግን የሴት ናቸው። ወንዶቹ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም ጥላ ሥር ሲያርፉ እኛ ጭስ ውስጥ ነን። በዚህ ላይ የምትፈልጊያት ሰዓት ሌሊት ብትገኝ ምን ያስደንቃል?

«ራሴን ካልወቀስኩ ጨርሶ እሰንፋለሁ» ትይኝ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ግን ካናዳ ኦታዋ ውስጥ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። 119 የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ተጠየቁ። ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናቱን ሲያዘገዩ ከቆዩት መካከል ራሳቸውን ይቅር ያሉት፣ ለሁለተኛው ፈተና ማዘግየታቸው ቀነሰ። ራሳቸውን ይቅር ባላሉት ላይ ያ ለውጥ አልታየም። ነገሩ ይገባኛል፤ ደብተሩን ሲከፍቱት የሚጠብቃቸው ስድብ ከሆነ ማን ይከፍተዋል? አንቺስ ሐሙስና ዓርብን ባዶ የተውሻቸው ለዚህ አይደለም?

ማረፍ ያሳፍርሻል፤ አውቃለሁ። ግን እስቲ አስቢ፣ አባቶቻችን ስለ ዕረፍት ቀን ምን ያህል ተሟገቱ! የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ለቅዳሜ ሰንበት ሲሉ ተሰደዱ፤ ነገሩ የተቋጨው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ ቅዳሜም እሑድም ይከበር ተብሎ ነው። ገና ለማክበር ላሊበላ በወረድንበት ዓመትስ ካህናቱን አላየሽም? ሌሊቱን ቆመው ያድራሉ፣ ንጋት ላይ በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኵሉ» ይላሉ፤ ግን መቋሚያ አላቸው። በመሃል ይደገፉበታል። ተደገፉ ብሎ የሚታዘባቸው የለም።

አሁን እስክሪብቶውን ስጪኝ። «ሰነፍ» የሚለውን እኔው ልሰርዘው። ኤክሶቹን ተያቸው፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ የዚያን ምሽት የሆነውን ጻፊ፤ ቡና በስንት ሰዓት እንደጠጣሽ፣ እግርሽ ቀዝቅዞ እንደሆነ፣ ማን እንዳስቆጣሽ፣ ምን ሳትጨርሺ እንደቀረሽ። አታርሚው። ማክሰኞ ላይ ለምሳሌ የክፍል ኃላፊው ስብሰባ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የባሰብሽ፤ እኔ እንኳ ከውጭ አይቼዋለሁ።

ነገ 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከግድግዳው ሳትወርድ፣ ደጅ መደቡ ላይ አጎዛውን አነጥፍልሻለሁ። ደብተር ይዘሽ እንዳትመጪ። ከቤት ስምሽ ሲጠራ አትመልሺ፤ እኔ «አቤት» እላለሁ።