«ቴክኒካዊ መረጃ ብቻ ነው»፦ የድረ ገጽ ጎብኚ አድራሻ መቼ የግል ዳታ ይሆናል?

በብዙ ድረ ገጾች የግላዊነት መግለጫ ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኝ ክፍፍል አለ። ጎብኚው አውቆ የሚሰጠው ስም፣ ስልክ ቁጥርና የኢሜይል አድራሻ «የግል መረጃ» ተብሎ የጥበቃ ቃል ይገባለታል፤ ሰርቨሩ ሳይጠይቅ የሚመዘግበው ግን «ቴክኒካዊ» ወይም «ስም አልባ» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ ክፍፍሉ በሕግም በአሠራርም ደካማ መሠረት ያለው መሆኑን በአንድ የፍርድ ጉዳይ አማካይነት ያሳያል። ጉዳዩ የጀርመን ቢሆንም፣ ጥያቄው የጥናት መጽሔት፣ የመመረቂያ ጽሑፎች ማኅደር ወይም የመጠይቅ ቅጽ በበይነ መረብ የሚያስተዳድርን የትምህርት ክፍል ሁሉ የሚነካ ነው።

ገጽ በተከፈተ ቁጥር ሰርቨሩ በሎግ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል። በመስመሩ ላይ የጎብኚው አይ ፒ አድራሻ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የተጠየቀው ፋይል፣ ጥያቄው መሳካት አለመሳካቱና የተላለፈው የዳታ መጠን ይሰፍራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም የብራውዘሩ ዓይነትና ጎብኚው የመጣበት ገጽ ይጨመራሉ። አንድ መስመር ለብቻው ብዙ አይናገርም። መስመሮቹ ሲጠራቀሙ ግን አንድ ሰው በየትኛው ሌሊት ስለየትኛው በሽታ፣ ስለየትኛው የሥራ ክርክር ወይም ስለየትኛው እምነት እንዳነበበ የሚናገር ታሪክ ይሆናሉ። ታሪኩ የጎደለው ስም ብቻ ነው። አብዛኛው አድራሻ ደግሞ ተለዋዋጭ በመሆኑ፣ ቁጥሩ በዚያ ሰዓት ለማን ተሰጥቶ እንደነበር የሚያውቀው የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው እንጂ የድረ ገጹ ባለቤት አይደለም። «ስም አልባ» የሚለው አገላለጽ የቆመው በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

የጀርመን ፖለቲከኛና የግላዊነት መብት ተሟጋች የሆነው ፓትሪክ ብራየር የሞገተው ይህንኑ ነበር። የፌዴራል መንግሥቱ ተቋማት ድረ ገጾች የጎብኚዎችን አይ ፒ አድራሻ ጉብኝቱ ካበቃ በኋላ እንዳያስቀምጡ እንዲታገዱ ክስ መሠረተ። መንግሥት በበኩሉ መዝገቡ የሚያስፈልገው የሳይበር ጥቃትን ለመከላከልና አጥቂዎችን ለመክሰስ መሆኑን ተከራከረ። ጉዳዩ በየደረጃው ተጉዞ በጀርመን ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኩል ለአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ፍርዱም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2016 ተሰጠ።

ይኸው ፍርድ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. በሌላ ጉዳይ ላይ አይ ፒ አድራሻ የግል ዳታ መሆኑን ተናግሮ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን አድራሻውን የሚሰበስበው ደንበኞቹን በስም የሚያውቀው አገልግሎት ሰጪው ራሱ ነበር። በብራየር ጉዳይ የታየው ዕውቀቱ በሁለት እጅ ተከፍሎ ሲገኝ ምን ይባላል የሚለው ነው። ፍርድ ቤቱ የሰጠው መልስ፣ ሰውን ለመለየት የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ በአንድ አካል እጅ መገኘቱ ግዴታ አይደለም የሚል ነበር፤ የድረ ገጹ ባለቤት ተጨማሪውን መረጃ ከአገልግሎት ሰጪው ለማግኘት የሚያስችል ሕጋዊ መንገድ ካለው አድራሻው በእርሱም እጅ የግል ዳታ ነው። በጀርመን በተለይ የሳይበር ጥቃት ሲደርስ በሚመለከተው ባለሥልጣን በኩል እንዲህ ያለ መንገድ አለ። እንግዲህ «ይህ መረጃ የግል ነው?» የሚለው ጥያቄ መረጃውን ብቻ አይቶ የሚመለስ አይደለም። ቀሪው ግማሽ በማን እጅ እንዳለና ሁለቱን ማገናኘት ምን ያህል እንደሚቻል መታየት አለበት።

ፍርዱ ሲጠቀስ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ይህ ክፍል ነው። በእኔ ግምት ግን ለድረ ገጽ አስተዳዳሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ሁለተኛው ክፍል ነው። የጀርመን የቴሌሚዲያ ሕግ የአጠቃቀም ዳታን መሰብሰብና መጠቀም የሚፈቅደው በመሠረቱ አገልግሎቱን ለመስጠትና ሒሳቡን ለመጠየቅ ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ይተረጎም ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ ትርጓሜ ከመጠን በላይ ጠባብ ነው አለ፤ ድረ ገጹ ሳይቋረጥ እንዲሠራ ማስጠበቅ ሕጋዊ ጥቅም ሊሆን ስለሚችል፣ ከጎብኚው መብት ጋር ሊመዘን ይገባዋል። የጀርመኑ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሜይ 2017 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን እንዲያጣራ ወደ በርሊን ፍርድ ቤት መለሰው፤ የሚጣራውም መዝገቡ ለደኅንነት በእርግጥ ማስፈለጉና የጥቃቱ ስጋት መጠን ነበር። አድራሻው የግል ዳታ ነው ማለት አይመዝገብ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። የሚመዘግበው አካል ለምንና እስከ መቼ እንደሚይዘው ማስረዳት ይኖርበታል።

አድራሻ ሳይታወቅ ለሦስተኛ ወገን የሚተላለፍበትም መንገድ አለ። በጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. አንድ የሙኒክ ፍርድ ቤት፣ የፊደል ቅርጾችን ከጉግል ሰርቨር በቀጥታ የሚጠራ ድረ ገጽ ባለቤት ለከሳሹ 100 ዩሮ ካሳ እንዲከፍል ወስኗል። ምክንያቱም ገጹ በተከፈተ ቅጽበት የጎብኚው አድራሻ ያለ ፈቃዱ ወደ ጉግል መሄዱ ነው። የፊደል ፋይሉን በራስ ሰርቨር ላይ ማኖር ይቻል ነበር።

በአሠራር በኩል በተደጋጋሚ የሚሰነዘረው መፍትሔ አድራሻውን በሃሽ ስልት ወደ ሌላ የፊደልና የቁጥር ስብስብ መለወጥ ነው። ይህ ብቻውን አያዘልቅም። የአራተኛው ስሪት አይ ፒ አድራሻዎች ጠቅላላ ብዛት 4,294,967,296 ነው፤ ተራ ኮምፒውተር ሁሉንም አንድ በአንድ ሃሽ አድርጎ ከመዝገቡ ጋር ሊያስተያይ ይችላል። የውስጥ መረብ ከሆነማ፣ በ10 የሚጀምሩት የግል አድራሻዎች 16,777,216 ብቻ ናቸው። ምስጢራዊ ቁልፍ መጨመርና ቁልፉን በየጊዜው ማጥፋት፣ ወይም የአድራሻውን መጨረሻ ቆርጦ ማስቀረት የተሻለ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችን ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል ዳታን ከሚታወቅ ወይም ሊታወቅ ከሚችል ሰው ጋር ያያይዛል፤ አፈጻጸሙን የመቆጣጠር ሥልጣንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። «ሊታወቅ የሚችል» የሚለው ሐረግ የብራየርን ጥያቄ ወደ እኛ ደጅ ያመጣዋል።

በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ከበርሊኑ ይልቅ የቀረበ ነው። በጀርመን የድረ ገጹ ባለቤትና የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ሁለት የተለያዩ አካላት ነበሩ፤ ክርክሩም በመካከላቸው መንገድ አለ ወይስ የለም የሚል ነበር። ተማሪና መምህር በመለያ ስምና በይለፍ ቃል ወደ ዋይ ፋይ በሚገቡበት ግቢ ግን፣ አድራሻው ለማን እንደተሰጠ የሚያሳየው መዝገብና የድረ ገጹ ሎግ በአንድ የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ሥር ሊገኙ ይችላሉ። እንደዚያ ከሆነ ሁለቱን ለማገናኘት የፍርድ ቤት ትእዛዝ አያስፈልግም፤ ሰዓት ከሰዓት ጋር ማስተያየት ይበቃል።

በዚህ ረገድ ይበልጥ የሚያሳስበው የመመረቂያ ጥናት መጠይቅ ነው። ስለ መምህራን ምዘና፣ ስለ ጾታዊ ትንኮሳ ወይም ስለ አእምሮ ጤና የሚጠይቅ ቅጽ መግቢያው ላይ «ስም መጻፍ አያስፈልግም» ብሎ ቃል ይገባል። መላሿ ቃሉን አምና ከማደሪያዋ ሆና ትሞላለች። አጥኚው የሚያየው ስም የሌለበት ሠንጠረዥ ስለሆነ ቃሉን የጠበቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን መልሱ የገባበት ሰዓት በሠንጠረዡ ላይ፣ አድራሻው በሎጉ ላይ፣ የመለያ ስሟም በመረቡ መዝገብ ላይ ይቀመጣሉ። ሦስቱን የሚያስተሳስረው ሰዓቱ ነው።

ስለዚህ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ቅጹን ሲገመግም ስም ተጠየቀ ወይስ አልተጠየቀም ከማለት አልፎ ሰርቨሩ የት እንዳለ፣ ሎጉን ማን እንደሚከፍትና በስንት ቀን እንደሚጠፋ ቢጠይቅ ይበጃል። እንደ ላይምሰርቬይ ባሉ የመጠይቅ ሶፍትዌሮች የአይ ፒ አድራሻንና የመልሱን ሰዓት አለማስቀመጥ በምርጫ ይቻላል፤ ምርጫው ግን መልስ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት መደረግ አለበት። ከሶፍትዌሩ ሥር ያለው አፓቼ ወይም ኢንጂንኤክስ የድር ሰርቨር የራሱን ሎግ ለብቻው ስለሚጽፍ፣ ቅጹ ላይ የተዘጋው እዚያ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ እሱን የሚዘጋው አጥኚው ሳይሆን የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ነው።