«ምሥጢር» የሚለው ቃልና የኤሌውሲስ አምልኮ

ቤተ ክርስቲያናችን ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቍርባን ብላ ስትጠራ «ምሥጢር» የምትለው፣ በጽርእ ቋንቋ «ሚስቴርዮን» የሚባለውን ነው። ይህ ቃል ግን ከሐዋርያት ስብከት አስቀድሞ በአሕዛብ ዘንድ የአምልኮ ስም ነበር። ስለዚህም ከ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ የተነሡ አንዳንድ ተመራማሪዎች ክርስቲያኖች ጥምቀትንና ቍርባንን ከግሪኮች ወረሱ እስከ ማለት ደረሱ። ነገሩ በቍጣ የሚመለስ አይደለምና የግሪኮቹ ሥርዓት ምን እንደ ነበረ አስቀድመን እንመልከት።

ኤሌውሲስ ከአቴና ወደ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባሕር ዳር ትገኛለች። በዚያም የእህል አምላክ ይሏት የነበረችው ዴሜጥርና ልጅዋ ፐርሴፎኔ ይመለኩ ነበር። ወደ ምሥጢሩ ሊገባ የሚሻ ሰው በመስከረም ገደማ በሚውለው በዓል የዐሣማ ግልገል ይዞ በባሕር ይታጠባል፤ ግልገሉንም ይሠዋል። ከዚያም ሕዝቡ በሰልፍ ወደ ኤሌውሲስ በእግሩ ይሄዳል፤ ጾሞም ከገብስና ከመልካም ሽታ ቅጠል የተዘጋጀ መጠጥ ይጠጣል፤ በሌሊትም ወደ ታላቁ አዳራሽ ይገባል። ሴትም ባሪያም አይከለከሉም ነበር፤ የሚከለከሉት ነፍስ ያጠፋና የግሪክን ቋንቋ የማያውቅ ናቸው። በአዳራሹ ያዩትን ማውጣት በሞት ያስቀጣል። አልኪብያዴስ የተባለው የአቴና ጦር አዛዥ በ415 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ ሥርዓቱን በሰው ቤት በፌዝ አስመስሏል ተብሎ ተከሰሰ፤ ከዘመቻ ለፍርድ ቢጠራም ሸሸ፤ በሌለበትም ሞት ተፈረደበት።

ለገቡት የሚሰጠው ተስፋ ከሞት በኋላ የተሻለ ዕጣ ነበር። ፈላስፋው ዲዮጋንስ ግን፣ ወደ ምሥጢሩ የገባ ሌባ ካልገባው ደግ ሰው የበለጠ ዕድል ሊያገኝ ነውን? እያለ በዚህ ይሣለቅ እንደ ነበር ይነገራል። ነቀፋውን የሰነዘረው አረማዊ መሆኑ ልብ ይባል።

ከዚህ ሌላ ግሪኮች በየከተማው የአምልኮ ማኅበራት ነበሯቸው። በአቴና ድዮኒሶስ የሚባለውን የወይን ጣዖት ያመልክ የነበረው ማኅበር በ2ኛው ምእት ዓመት ድኅረ ልደት ደንቡን በድንጋይ ላይ ጽፎ ትቶልናል። አባል የሚሆን ሰው የመግቢያ ገንዘብ ይከፍላል፤ ለወይኑም በየወሩ ያዋጣል፤ በግብዣ ላይ የተደባደበ መቀጫ ይከፍላል። አባል ሲሞት ለቀብር ለመጡት አንድ ማሰሮ ወይን ይቀርባል፤ ከቀብሩ የቀረ ግን አይቀምስም። በማኅበር የኖረ አንባቢ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

በአሕዛብ ግብዣ ልማድ ያደጉት የቆሮንቶስ ምእመናን ይህን ጠባይ ወደ ጌታ ማዕድ ሳይዙ አልመጡም፤ አንዱ ሲሰክር ሌላው ይራብ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ የገሠጻቸው በዚህ ነው፤ የጌታን ጽዋና የአጋንንትን ጽዋ በአንድነት መጠጣት እንደማይቻልም አስጠነቀቃቸው። የአሕዛብን ሥርዓት ወዳጅ አድርጎ የሚቀበል ሰው እንዲህ አይጽፍም።

ቃሉን ግን አልሸሸም። ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ምሥጢር ያለው ከዘመናት ተሰውሮ የኖረውን፣ አሁን ግን ለቅዱሳኑ የተገለጠውን ነው። በኤሌውሲስ ምሥጢር ማለት የሚሸሸግ ነው፤ በሐዋርያው ዘንድ የሚሰበክ ነው።

እርግጥ ነው፣ በእኛም ሥርዓት ንኡሰ ክርስቲያን ከቅዳሴው መካከል እንዲወጡ ይታዘዛሉ፤ የኢየሩሳሌሙ ቅዱስ ቄርሎስም በ4ኛው ምእት ዓመት ምሥጢራቱን የሚተረጕመው ለተጠመቁት ነበር። ሆኖም የሚወጣው ሰው እየተማረ ያለና ለመግባት የሚጠበቅ ነው፤ ቋንቋውም አይጠየቅም፤ የመግቢያ ገንዘብም የለበትም።